ሁለት ፕሮሰሰር በአንድ ሣጥን
በወረታ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር

መምህራንና ተማሪዎች በርከት ብላችኋል፤ የቢሮ ሠራተኞችም አላችሁ። ኮምፒውተር ነክታችሁ የማታውቁ አባቶችና እናቶች ደግሞ ከፊት ተቀምጣችኋል፤ ንግግሩ የተዘጋጀው በተለይ ለእናንተ ነውና ቀድመው የሚያውቁት ይታገሡኛል።

የማወራው ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። «አዲሱን በቅጡ ሳናውቅ አሮጌው ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ቢኖር አልቀየመውም። አዲሱ ለትምህርት አይመችም። ስልካችሁን ብትፈቱት የሚታየው ጥፍር የምታክል ጥቁር ቺፕ ናት፤ ሥራው ሁሉ እሷ ውስጥ ተጠቅልሎ አልቋል። የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የተሠራው ኮምፒውተር ግን ክዳኑ ሲነሣ እያንዳንዱ ክፍሉ ለብቻው ይታያል፤ ይኼ ሚሞሪው፣ ይኼ ፕሮሰሰሩ፣ ይኼ ወደ ስክሪን የሚሄደው ተብሎ በጣት ይጠቆማል።

ጥያቄዬም እንዲህ ነው። ለአንድ ማሽን የተሠራ ሶፍትዌር በሌላው ማሽን ላይ ለምን አይሠራም? እንዲሠራስ ማድረግ ይቻላል ወይ? ለአንድሮይድ የተሠራ አፕ አይፎን ላይ እንደማይጫን ወጣቶቹ ታውቃላችሁ። ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከተገኙለት መፍትሔዎች መካከል እኔ እጅግ የምወደው ደግሞ በአንድ ካርድ የተሠራው ነው። የሌላ አገር ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

ፕሮሰሰር ከቁጥር በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ሶፍትዌር ማለት በሚሞሪ ውስጥ የተደረደረ የቁጥር ተራ ነው። ፕሮሰሰሩ አንዱን ቁጥር ያነሣል፣ ቁጥሩ ያዘዘውን ይፈጽማል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ይህንን በሰከንድ ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ፣ ሚሊዮን ጊዜ ያደርገዋል። የትኛው ቁጥር ምን እንደሚያዝ የሚወስኑት ፕሮሰሰሩን የነደፉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ከሌሎቹ ነዳፊዎች ጋር ተቀምጠው አልተማከሩም። 76 ቁጥርን እንውሰድ። 6502 የተባለው ፕሮሰሰር 76ን ሲያገኝ «ያለህበትን ተወውና ቀጥሎ ወደተጻፈልህ አድራሻ ዝለል» ብሎ ይረዳዋል። ዜድ 80 የተባለው ደግሞ ያንኑ 76 ሲያገኝ በውስጡ ካሉት ትንንሽ ማስቀመጫዎች ኤች ከምትባለው ውስጥ ያለውን ወደ ሲ ይገለብጥና ዝም ብሎ ይቀጥላል። እሱን ዝለል ለማለት 195 ነው የሚጻፍለት። እንግዲህ ለአንዱ የተጻፈውን ለሌላው ብትሰጡት ከጥቂት ቁጥር በኋላ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ልጆቹ እንደሚሉት ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። የተበላሸ ነገር ግን የለም። ፕሮሰሰሩም ጤነኛ፣ ሶፍትዌሩም ጤነኛ ነው፤ ሳይስማሙ ተገናኙ እንጂ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የትንንሽ ኮምፒውተሮች ዓለም በእነዚህ ሁለት ፕሮሰሰሮች ምክንያት ለሁለት ሰፈር ተከፍሎ ነበር። በ6502 ሰፈር ውስጥ በ1977 ለገበያ የቀረበው፣ ስቲቭ ዎዝኒያክ የነደፈው አፕል 2 ነበር። ይህ ኮምፒውተር ክዳኑ ያለ መፍቻ በእጅ ይነሣል። ውስጡ፣ ከኋላ በኩል፣ ስምንት ስሎቶች ተሰልፈዋል፤ ስሎት ማለት ካርድ የሚሰካበት ቀጭን ረጅም መሰኪያ ነው። ስለ ስሎቶቹ ቁጥር በባልደረቦቹ መካከል ክርክር ነበር። ስቲቭ ጆብስ ሁለት ይበቃል አለ፤ አንዱ ለፕሪንተር፣ አንዱ ለሞደም። ዎዝኒያክ ስምንት ካልሆነ ብሎ ጸና። ለምን እንደሚጠቅሙ ስምንቱንም ዘርዝሮ ማስረዳት አይችልም ነበር፤ ሰው የሚሰካው ነገር አያጣም ብሎ ነው። በእኔ ግምት ከዚያ ድርጅት ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ይህ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ጆብስ ያን ቀን ረትቶ ቢሆን ኖሮ ቀጥዬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

በሌላው ሰፈር ዜድ 80 እና የኢንቴሉ 8080 አሉ። ዜድ 80ን የነደፉት ፌዴሪኮ ፋጂንና ማሳቶሺ ሺማ ቀድሞ ኢንቴል ሠርተው የወጡ ሰዎች ስለሆኑ፣ አዲሱ ፕሮሰሰራቸው የ8080ን ትእዛዞች ሁሉ እንዲረዳ አድርገው ሠሩት። ለዚህ ሰፈር ጋሪ ኪልዳል የሚባል ሰው ሲፒ/ኤም የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ሌሎቹ ሶፍትዌሮች የሚሠሩበትን መሠረት፣ አዘጋጀለት። ዋናው ነገር ሲፒ/ኤም ከየፋብሪካው በሚወጡ ብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮች ላይ መሥራቱ ነው። ስለዚህ የቢሮ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ወደዚያ ጎረፉ፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ወርድስታር፣ መዝገብ ለመያዝ ዲቤዝ 2፣ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ፎርትራንና ኮቦል የሚባሉ ቋንቋዎች ሁሉ ተገኙ። አፕል 2 በበኩሉ ከ1979 ጀምሮ ቪዚካልክ ነበረው፤ ዛሬ በኤክሴል የምትሠሩት የሠንጠረዥ ሂሳብ አባት ማለት ነው። ነጋዴው ቪዚካልክንም ወርድስታርንም ከፈለገ ሁለት ኮምፒውተር መግዛት ነበረበት፤ የሁለት ኮምፒውተር ዋጋ ደግሞ ያኔ አሜሪካ ውስጥም ቀልድ አልነበረም።

ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ድርጅት ነው። ከጻፋቸው ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ለ8080ና ለዜድ 80 ናቸው፤ አፕል 2 ደግሞ በገፍ እየተሸጠ ነው። ሶፍትዌሮቹን አንድ በአንድ ለ6502 እንደገና መጻፍ ዓመታት ይፈጃል። ከቢል ጌትስ ጋር ድርጅቱን የመሠረተው ፖል አለን ነገሩን ገለበጠው። ሶፍትዌሩ ወደ ፕሮሰሰሩ መሄድ ካቃተው፣ ፕሮሰሰሩ ወደ ሶፍትዌሩ ይምጣ አለ። ዜድ 80 ራሱ በትንሽ ካርድ ላይ ተሠርቶ ከአፕል 2 ባዶ ስሎቶች በአንዱ ይሰካ! የመጀመሪያውን ሙከራ የጀመረው ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ በሚባል ድርጅት የሚሠራው ቲም ፓተርሰን ነው፤ ዶን በርቲስ የሚባል መሐንዲስ ንድፉን ለገበያ አበቃው። ስሙ ሶፍትካርድ ተባለ፤ ሲፒ/ኤምና ቤዚክ የተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም ቋንቋ አብረውት ይሸጣሉ፤ ዋጋው 349 ዶላር። ሕዝብ ያየው በመጋቢት 1972 ዓ.ም.፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ የኮምፒውተር ትርዒት ላይ ነው። እኛ ዘንድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ከተጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እዚህ ከተቀመጡት አባቶች አንዳንዶቹ ፊደል የቆጠሩበት ዘመን ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ከዚያ በፊት ሊዳሰስ የሚችል ዕቃ ሸጦ አያውቅም፤ ይህ ካርድ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ እንደሚያርስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሶፍትካርድ ሁለት ፕሮሰሰሮችን በአንድ ማሽን አቀናጀ። ልዩነቱ ሁለቱ አንድ ላይ አይጎትቱም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአፕል 2 ውስጥ ወደ ሚሞሪ የሚወስዱት መስመሮች አንድ ስብስብ ብቻ ናቸው፤ ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ቅጽበት ሁለት የተለያዩ አድራሻዎችን ቢጠሩባቸው የሁለቱም ይደበላለቃል። እያንዳንዱ ስሎት 50 የመገናኛ ነጥቦች አሉት፤ ከነሱ አንዷ ለካርዶች የተሰጠች ሥልጣን ናት። ካርዱ ያችን መስመር ሲይዝ 6502 ከመስመሮቹ ይገለልና እጁን ይሰበስባል። ሜዳው ለዜድ 80 ይለቀቃል።

ተራ የሚለዋወጡትም በቀላል ዘዴ ነው። 6502 የካርዱ በሆነች አንዲት አድራሻ ላይ ይጽፋል፤ ምን እንደጻፈ ጉዳይ የለውም፣ መጻፉ ራሱ ምልክት ነው። ያኔ ዜድ 80 ይነቃል፣ 6502 ይቆማል። ዜድ 80 ሲጨርስ እሱም እንዲሁ ይጽፍና ተራውን ይመልሳል።

ከዚህ የሚከብደው የአድራሻ ነገር ነበር። 6502 ከሚሞሪው መጀመሪያ፣ ከ0 እስከ 255 ያሉትን አድራሻዎች ለራሱ ይይዛል፤ ቀጥለው ያሉትን 256 ደግሞ ሥራ አቋርጦ ሲሄድ የሚመለስበትን ለመመዝገብ ይፈልጋቸዋል። ከ1024 ጀምሮ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ተቀምጧል። ሲፒ/ኤም በበኩሉ ያንኑ የሚሞሪ መጀመሪያ ለራሱ ይፈልጋል፤ ሶፍትዌሮቹም ከአድራሻ 256 ጀምረው እንዲጫኑ ተደርገው የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም አንድ መሬት ላይ ነው የቆሙት፤ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው አይሠራም። የካርዱ ነዳፊዎች ሶፍትዌሩን ሳይነኩ ጠቡን በቺፕ ፈቱት። ዜድ 80 ዜሮ ብሎ ሲጠራ ካርዱ በመንገድ ላይ 4096 ይጨምርበትና ለሚሞሪው 4096 ብሎ ያደርሰዋል። 256 ሲል 4352 ይሆናል። ዜድ 80 ይህ መደረጉን አያውቅም፤ እሱ በሚያውቀው ዓለም ዜሮ ዜሮ ነው። 6502 የሚጠቀምባቸው አድራሻዎች ደግሞ በዜድ 80 ዓይን ከሚሞሪው ጫፍ ላይ ናቸው፤ የሲፒ/ኤም ሶፍትዌሮች ወደዚያ አይደርሱም። የዚህ ካርድ ብልኃት ለኔ እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ጎበዝ መሐንዲስ ይደርስበታል፤ በወሰን ላይ የሚጣሉትን ሁለቱን አንዳቸውንም ሳያስቆጡ ማስማማት ግን የተለየ እጅ ይጠይቃል።

የፍሎፒ ዲስኩ ንባብስ? የአፕል 2 ፍሎፒ ማንበቢያ ርካሽ እንዲሆን ተብሎ ብዙው ሥራ ለ6502 የተተወ ነው፤ 6502 ራሱ ጊዜውን እየቆጠረ ነው የሚያነበው። ዜድ 80 ይህን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ፋይል ሲፈልግ ጥያቄውን በጋራው ሚሞሪ ውስጥ ያስቀምጥና ተራውን ይለቃል፤ 6502 ተነሥቶ ከዲስኩ አንብቦ በሚሞሪው ያስቀምጣል፣ ተመልሶም ይቆማል። ኪቦርዱም ስክሪኑም እንዲሁ ናቸው። ቤቱን የሚያውቀው ነባሩ ስለሆነ የቤቱን ጉዳይ የሚጨርሰው እሱ ነው፤ እንግዳው የመጣበትን የሂሳብና የጽሑፍ ሥራ ብቻ ይሠራል።

እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። አፕል 2 በአንድ መስመር ላይ የሚያሳየው 40 ፊደል ብቻ ነው፤ ያውም ትልልቆቹን የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ። የሲፒ/ኤም ሶፍትዌሮች ደግሞ 80 ይጠብቃሉ። ስለዚህ ደንበኛው በሌላ ስሎት የሚሰካ የ80 ፊደል ካርድ መግዛት ይገደዳል፤ ሚሞሪው ካልበቃም ሌላ ካርድ። የአፕል ፍሎፒ ላይ ጽሑፉ የሚቀመጥበት መንገድ ከሌሎቹ የተለየ በመሆኑ፣ የጎረቤትን የሲፒ/ኤም ፍሎፒ አምጥቶ መክተት አይቻልም፤ በአፕል ፍሎፒ ላይ የተገለበጠውን መፈለግ ግድ ነው። 349 ዶላር ተብሎ የተጀመረው ወጪ እጥፍ ሆኖ ያልቃል። ቢሆንም ሁለተኛ ኮምፒውተር ከመግዛት ይሻላል፤ ሰዉም አስልቶ ገዛው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 5,000 ካርዶች ተሸጡ። በ1980 ከማይክሮሶፍት ገቢ ትልቁ ምንጭ ይህ ካርድ ሆነ፤ በሶፍትዌር የምናውቀው ድርጅት ያን ዓመት የበላው ከካርድ ነው። ቲም ፓተርሰን ደግሞ በዚያው ዓመት ለሌላ ፕሮሰሰር ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጻፈ፤ ማይክሮሶፍት በ1981 ገዝቶት ኤምኤስ-ዶስ ሆነ፤ አይቢኤም የሚባለው ድርጅት የሠራውን ፒሲ ይዞ ዓለምን ዞረ፤ እኛም አገር ቢሮዎች ውስጥ ገባ።

ፒሲው ከወጣ በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። ትናንት እንግዳ ያስተናገደው አፕል ራሱ እንግዳ ሆኖ በሌላ ቤት ገባ፤ በ1983 ኳድሊንክ የሚባል ካርድ 6502ን ተሸክሞ አይቢኤም ፒሲ ውስጥ የአፕል 2ን ሶፍትዌር ማሠራት ጀመረ። ቤቢ ብሉ የሚባለው ደግሞ ለፒሲው ዜድ 80 አመጣለት። ኮሞዶር ለአሚጋ ኮምፒውተሩ የፒሲ ካርድ ሠራ። አፕል ራሱ በ1994 ማኪንቶሽ ውስጥ የኢንቴል 486 ካርድ ሰክቶ ሸጠ። እነዚህን በፍጥነት አልፋቸዋለሁ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

ሁለቱን ግን አላልፋቸውም። አንደኛው አፕል በ1991 ለማኪንቶሽ ኤልሲ ያወጣው ካርድ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አፕል 2ን ገዝተው ሞልተው ነበር፤ መምህራኑም ለሂሳብ፣ ለንባብ፣ ለጂኦግራፊ የተዘጋጁ ሶፍትዌሮችን ለዓመታት ሰብስበዋል። ድርጅቱ ደግሞ ማኪንቶሽ ሊሸጥላቸው ፈለገ። መምህሩ «ያለኝን ሁሉ ጥዬ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያ ካርድ ሆነ፤ አንድ ሙሉ አፕል 2ኢ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጠቃልሎ ማኪንቶሹ ውስጥ ገባ፤ የድሮው ፍሎፒ ማንበቢያም ሳይቀር በገመድ ይሰካበታል። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ልብ በሉልኝ፤ የትምህርት ቤት ሀብት ማሽኑ አልነበረም፣ በማሽኑ ላይ ለዓመታት የተሰበሰበው ትምህርት ነበር፤ ሻጩም ይህንን ሳያከብር ማሽኑን ሊሸጥ አልቻለም።

ሁለተኛው የእንግሊዞቹ ነው። አኮርን የሚባል ድርጅት ቢቢሲ ማይክሮ የሚባል የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሠራ፤ እሱም ፕሮሰሰሩ 6502 ነው። ነዳፊዎቹ ሁለተኛ ፕሮሰሰር የሚሰካበት መግቢያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አበጁለት። በዚያ መግቢያ ዜድ 80ም ገብቷል፣ ሌሎችም ገብተዋል። ቀጥሎ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አዲስ ፕሮሰሰር ነደፉ፤ የመጀመሪያው ቺፕ ከፋብሪካ መጥቶ በሚያዝያ 26 ቀን 1985 በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራ ጀመረ። ለገንቢዎች ሲሸጥ የራሱ ኮምፒውተር እንኳ አልነበረውም፤ ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር የሚሰካ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሆኖ ነው የቀረበው። ያ ፕሮሰሰር ኤአርኤም ይባላል። አሁን እያንዳንዳችሁ በኪሳችሁ፣ በቦርሳችሁ፣ በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥራችሁ በያዛችሁት ስማርት ስልክ ውስጥ ያለው የእሱ ዘር ነው። እንግዳ ሆኖ በሌላ ማሽን ጥግ የጀመረው ዛሬ የቤቱ ባለቤት ሆኗል።

ካርዶቹ የት ሄዱ? ፕሮሰሰር ሲፈጥን ካርዱ አላስፈለገም። ኢሙሌተር የሚባል ሶፍትዌር የሌላውን ማሽን ቁጥር አንድ በአንድ እያነሣ፣ ትርጉሙን በራሱ ፕሮሰሰር ትእዛዝ እየለወጠ ያስኬዳል፤ 76ን ሲያይ «ይህ ሰው ዝለል ማለቱ ነው» ብሎ ይዘላል። አንድን ትእዛዝ ለመፈጸም ብዙ ትእዛዝ ስለሚያባክን በ1980 ቢሞከር ቀርፋፋነቱ አያስቀምጥም ነበር። ዛሬ ተራ ስልክ አንድን አፕል 2 በኢሙሌተር አንቀሳቅሶ ባትሪው እንኳ አይሰማውም። አፕል በ2020 ኮምፒውተሮቹን ከኢንቴል ወደ ኤአርኤም ሲያዛውር የቀድሞ ሶፍትዌሮቹን ያሻገረው ሮዜታ 2 በሚባል ተርጓሚ ሶፍትዌር ነው፤ ካርድ አልሸጠም። የዜድ 80 አምራች ዚሎግም ፕሮሰሰሩን ለብቻው መሸጥ በ2024 አቆመ፤ በገበያ ላይ 48 ዓመት ቆይቶ።

ይህን ሁሉ እዚህ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት ከተማ፣ ለምን አመጣሁት? የኛ ፊደል ያለፈበት መንገድ ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የሌላውን ማሽን የራስን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ለእኛ የግድ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን ታይፕራይተር በአማርኛ እንዲጽፍ ያደረጉ ሰው ናቸው። አርባ ጥቂት ቁልፎች ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አይቀመጥም፤ ስለዚህ በአማርኛ ታይፕራይተር ላይ ፊደሉ ከነቅጥያው በተለያየ ምት እየተገጣጠመ ይጻፍ ነበር። ከእናንተ መካከል በዚያ የጻፋችሁ ጸሐፊዎች ጣታችሁ ያስታውሰዋል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ በሌላ መልክ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ አይቢኤም ፒሲዎች ውስጥ ስክሪኑን የሚያዘው በስሎት የሚሰካ ካርድ ነው፤ የፊደሎቹ ቅርጽ በዚያ ካርድ ላይ በማይለወጥ ቺፕ ውስጥ ተቀርጿል። ሀን ለማየት ቺፑን ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። ከ1984 ወዲህ የወጡት ካርዶች የፊደል ቅርጽ ከሶፍትዌር ይቀበላሉ፤ ግን 256፣ ቢበዛ 512 ቅርጽ ብቻ። ሄርኩሊስ የሚባለው ድርጅት በ1986 ያወጣው ካርድ 3,072 የፊደል ቅርጾችን ይይዝ ነበር፤ ለግዕዝ ፊደል ተርፎት ይቀራል። የሚያውቁት ሶፍትዌሮች ጥቂት ስለነበሩ ግን ከጥቅም ሳይደርስ ዘመኑ አለፈበት። አዝናለሁ ለእሱ።

ከዚህ የከበደው ቁጥሩ ነው። የዚያ ዘመን ሶፍትዌር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ከ256 ቁጥሮች አንዱን ነው፤ ግማሹን እንግሊዝኛው ቀድሞ ይዞታል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በ1980ዎቹ ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ሆነው፣ ፍሥሐ አጥላውም በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ሌሎችም በየፊናቸው መላ ፈጠሩ። አገር ቤትም ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ ወጣ፤ በዊንዶውስ ዘመን ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ለእነዚህ ሰዎች ያለብን ምስጋና ብዙ ነው፤ የአገሪቱን ደብዳቤ ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩ እነሱ ናቸው። ሆኖም ሁሉም ለፊደሉ የሰጡት ቁጥር የየራሳቸው ነበር። በአንዱ ሀ የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ነው። ያ የ76 ቁጥር ታሪክ በእኛም ቤት ተደገመ፤ አንዱ ዘንድ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ዕርቁ የመጣው ዩኒኮድ በ1999 ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ ነው። የግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። ሀ 4608 ነው፤ ሁ 4609፤ ለ 4616። በወረታ የተላከ 4608 በመቀሌም በሚኔሶታም ሀ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስልካችሁ ስትጽፉ ማንም «ምን ፎንት አለህ?» ብሎ አይጠይቃችሁም።

ከዚያ በፊት የተጻፈውስ? ለዚህ ነው የመጣሁት። ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ወዲህ በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ በየደብሩ ሰበካ ጉባኤ በነዚያ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ የተማሪ ውጤት፣ የአባላት መዝገብ፣ ያልታተመ የአካባቢ ታሪክ አለ። ብዙው በፍሎፒ ላይ ነው፤ 1.44 ሜጋባይት የሚይዘው ጠፍጣፋ ዲስክ። ፍሎፒ መግነጢሱ ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚሞሉበት በዚህ በፎገራ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሻጋታ ያበቅልበታል። ቀሪው በመጋዘን በተጣለ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

ይህን ለማዳን ካርድ አያስፈልግም፤ ሶፍትካርድ የሠራውን ሥራ አሁን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ይሠራዋል። በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ማንበቢያ አለ። የዲስኩን ይዘት እንዳለ ወደ ፍላሽና ወደ ሌላ ኮምፒውተር፣ ሁለት ቦታ ገልብጡት። ለማስተካከል አትቸኩሉ፤ ዋናውን ፋይል ማንም አይንካው። የዶስ ዘመን ከሆነ ዶስቦክስ የሚባለው ኢሙሌተር የድሮውን ፒሲ በዛሬው ላይ ያቆምላችኋል፤ የዊንዶውስ ከሆነ በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ አሮጌውን ዊንዶውስ መጫን ይቻላል። ፋይሉ ግን ብቻውን አይበቃም። የተጻፈበት ሶፍትዌርና ፎንት አብሮት ከሌለ ቁጥሩ ምን እንደሆነ የሚነግር የለም። ስለዚህ የድሮ የአማርኛ ሶፍትዌር ሲዲ በመሳቢያችሁ ካለ ከፋይሉ እኩል ውድ ነው። ጽሑፉ በራሱ ሶፍትዌር ተከፍቶ ሲነበብ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥ ወይም ይታተም፤ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ማዛወሩን በየፎንቱ የተዘጋጁ መለወጫዎች ይረዱታል፤ ዲቃላ ፊደሎቹን ግን በዓይን ፈትሹ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እነሱ ላይ ነው።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ንብረት ስታስወግዱ ኮሚቴው የብረቱን ዋጋ ብቻ አይገምት፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያይ አንድ ሰው ይጨመርበት። ርእሳነ መምህራን የአይሲቲ ክበብ ተማሪዎቻችሁን ለዚህ ሥራ አሰማሯቸው፤ ዶስቦክስ ጭነው ዲስክ መገልበጥን በአንድ ከሰዓት ይማሩታል። እናንተም በየቤታችሁ፣ የሟች አባት ወይም ጡረታ የወጣ መምህር ኮምፒውተርና ፍሎፒ ጥግ ላይ ካለ፣ ቆራሌው በበር ሲያልፍ አትስጡት፤ መጀመሪያ ለአንድ የኮምፒውተር ተማሪ አሳዩት።